ሳይድ ቢን ሳትሰሙ አትጣሉ

ብርዱ ገለል ሲል በከተማችን ሁለት ነገር ይጀመራል፤ አንዱ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ ሌላው ቤዝመንት ማጽዳት። ጋራዡ ይከፈታል፣ የልጆቹ የድሮ ብስክሌት ይወጣል፣ ተገዝቶ ያልተነካ ሰሃን ይወጣል፤ ከዚያ ከሥር ከሥር አቧራ የለበሰች አንዲት ካርቶን ብቅ ትላለች። ካሴት። ሃምሳ፣ ስልሳ፣ መቶ ካሴት።

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ወደ ምግብ ቤታችን መጥተው ያንኑ ነገር ጠየቁኝ፤ «ለግድግዳ ጌጥ ይሆንሽ እንደሆነ ውሰጂው፣ አለዚያ ልጥለው ነው።» ለምን ይጣላል ስል የሦስቱም መልስ አንድ ሆነ። «ዘፈኑ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ!» እውነት ነው፣ አለ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ዩቲዩብ ላይ ስለሌለው ነው።

እዚህ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እነሱ እንዳይደናገሩ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከካሴት በፊት ሸክላ ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በወጣ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ግን አቶ አምሃ እሸቴ የሚባሉ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ወጣት፣ ይምጣ የመጣው ብለው የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙና የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ እየታተመ ነበር የሚመጣው። ማህሙድ አህመድ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ሰዎች በዚያ በር አልፈዋል። እስከ 1975 ድረስ አቶ አምሃ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጡ። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠና እሳቸውም ተሰደዱ። ዋሽንግተን ዲሲ ገብተው ምን ቢከፍቱ ጥሩ ነው? ምግብ ቤት! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሽንኩርት መክተፍ ይቀለኛል። በ2021 አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ሸክላው እየቀረ ካሴት ተራውን ያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካሴት ርካሽ ነው፣ ለመታተም ባሕር መሻገር የለበትም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ሲገዛ አስሩ ይቀዳዋል። ዘፋኞቹን ያከሰራቸውም ይኸው መቀዳዳት ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ የወጣው በ2004 ነው። እኛ ልጆቹ ግን ያኔ ይህን አናውቅም። እኛ የምናውቀው ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት መሄድን ነበር። የዘፈኖቹን ስም በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን፣ «ነገ ከሰዓት ኑ» እንባላለን፣ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። በሰፈራችን ቴፕ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ቴፑ ዳንቴል ለብሶ እንደ እንግዳ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ ይጎተታል፤ ያኔ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ካሴት ወደ ኋላ የሚጠነጠነው በቴፑ አይደለም፤ ድንጋይ እንዳይጨርስ በቢክ እስክሪብቶ ነው። ክሩ ሲበጠስ በስኮች ይቀጠላል፤ እዚያች ቦታ ላይ ዘፈኑ ትንሽ ይዘላል። እስካሁን አንዳንድ ዘፈን ስሰማ በዚያች ቦታ ላይ እንዲዘል እጠብቃለሁ፤ ሳይዘል ሲቀር ይገርመኛል።

መዝናኛችን ምን ነበር ብትሉኝ ቆጥሬ አልጨርስም። ሬዲዮ ነበረ። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ መንገዱ ጭር ይል ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናቶች በዛብህንና ሰብለወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋቸዋል። ማታ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ የጀርመን ድምፅ፣ ከ1982 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ይሰማል። አዲስ አበባ ያደጉት ቴሌቪዥኑን ያነሳሉ፤ አባባ ተስፋዬ፣ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1964 አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ተረት የነገሩን ሰው፣ ሰላም ሲሉን ልጁ ሁሉ ስክሪኑ ውስጥ ያሉት የሚሰሙት ይመስል ቆሞ መልስ ይሰጥ ነበር።

በየቀበሌው ደግሞ ኪነት ነበረ። ኪነት የመንግሥት ነው፣ መዝሙሩም የመንግሥት ነው፤ ግን ጉሮሮ ያላትን ልጅ መድረክ ላይ ያወጣትም እሱ ነው። የኛን አገር ላሊበላ ኪነት ውሰዱ። ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝት ያለ ማይክራፎን ሲወርድ የሰማ ሰው ዛሬ ያለው ማሚቶ የበዛበት ዘፈን ብዙም አይዋጥለትም። (ልጆቼ «አሁን ደግሞ ጀመረች» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።)

ታዲያ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደግ አይሆንም። አንዳንዶቻችን ስለዚያ ዘመን ስናወራ ሁሉ ነገር ማርና ወተት የነበረ እናስመስለዋለን። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ትልልቆቹ «የኛ ጊዜ! የኛ ጊዜ!» ሲሉ አብራቸው የተቀመጠች የኮሌጅ ተማሪ «ቆይ፣ ያ ቀይ ሽብር የነበረበት ጊዜ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው። ዝም ተባለ። ልክ ናት። ሰዓት እላፊ ነበረ። ግጥም ከመቀረጹ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር። በ1984ና በ1985 እኛ ወሎ ውስጥ ምን እንዳየን መናገር አያስፈልገኝም፤ ፈረንጁ እንኳን ዘፈን አውጥቶለታል።

ግን እኮ ዘፈኑን የወደድነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ይህ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ ሲጫወት፣ ሰዓት እላፊው ሲደርስ በሩ ይዘጋል። ወደ ቤት መሄድ አይቻልማ! ስለዚህ ሙዚቀኛውም ታዳሚውም እስኪነጋ እዚያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት የመጣው ከደስታ ብዛት ሳይሆን ከመታገት ነው። ዘፈኑም እንደዚያ ነበር፤ ስለ ፍቅረኛ መለየት የተዘፈነውን እናት ስለ ጠፋ ልጇ ትሰማዋለች፣ ሳንሱሩ ግን ስለ ፍቅረኛ ብሎ ያሳልፈዋል። ለዚያች ተማሪ የመለስኩላትም ይህንኑ ነው፤ «ልጄ፣ ዘመኑን አይደለም የምንናፍቀው፤ በዚያ ዘመን ያሳደረንን ነገር ነው።»

አሁን ወደ ካርቶኗ ልመለስ።

ካሴት ዘፈን ብቻ የሚይዝ አይደለም። ሰው መሰደድ ሲጀምር ካሴት ደብዳቤ ሆነ። ስልክ ለመደወል ቴሌ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነበር፣ ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም። ደብዳቤ ደግሞ መጻፍ የሚችል ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው ሲጽፍላት እናት የልቧን አትናገርም። ስለዚህ ቴፑ መሐል ይቀመጣል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ቀዩ ቁልፍ ይጫናል፣ በየተራ ይወራል። ከዚያ ካሴቷ በሰው እጅ ካርቱም፣ ሮም፣ ጅዳ፣ አሜሪካ ትደርሳለች። ከወዲህም መልሱ ተቀርጾ ይሄዳል።

ባዶ ካሴት ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም ነበር። ምን ይደረጋል? የዘፈን ካሴት ይወሰዳል። በጠርዙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ከተሰበረች ቴፑ አይቀርጽም፤ ስለዚህ ቀዳዳዋ ላይ ወረቀት ይጠቀጠቃል ወይም ስኮች ይለጠፋል፣ እላዩ ላይ ይቀረጻል። ሽፋኑ ላይ ግን ያው የድሮው የዘፋኝ ስም ነው ያለው። ገባችሁ የምለው?

ካርቶናቸውን ይዘው ከመጡት ከሦስቱ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፣ ስልሳ ያለፈው ሰው ነው። ሌሊት መጋዘን ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ እኛ ዘንድ ፍርፍር ይበላል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ኩሽና ያለችኝን አሮጌ ቴፕ አውጥተን ካሴቶቹን አንድ በአንድ መሞከር ጀመርን። ዘጠነኛዋ ወይም አሥረኛዋ ላይ ጥላሁን ገሠሠ የሚል የተጻፈባት ነበረች። ሳይድ ኤ ጥላሁን ነው። ሳይድ ቢም ጥላሁን ጀመረ፤ ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዶሮ ጮኸ።

«ደህና ነህ ወይ ልጄ» አለች አንዲት ሴት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቱ ናቸው። ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ ትልቅ ነገር አይደለም የሚያወሩት። ላሟ ወልዳለች። አጎቱ ከጎረቤት ጋር በአጥር ተካሰዋል። ስንዴው ዘንድሮ ደህና ነው። ካፖርት ሳትለብስ እንዳትወጣ፣ እዚያ አገር በረዶ አለ አሉ። ከኋላ ሕፃን ይስቃል፤ ያ ሕፃን ዛሬ የሦስት ልጆች አባት የሆነው ታናሽ ወንድሙ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ካሴቱ አለቀ፤ እሳቸው ግን ገና እያወሩ ነበር።

ብዙ ቆይቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «እዚህ ላይ እኮ እናቴ አርባ ዓመቷ ነው። እኔ አሁን እበልጣታለሁ።»

ይህች ካሴት በደረሰችው ጊዜ ሰምቷታል፤ ከዚያ ግን ስንት ጊዜ ቤት ቀይሯል። የትኛዋ እንደሆነች ረስቶ፣ ከነጭራሹም ጠፍታለች ብሎ ነበር የኖረው። ካርቶኗ ሰኞ ወደ ቆሻሻ ልትሄድ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ጥላሁን በሽ በሽ ነው። እማማ የሉም።

ለዘፈኑም ቢሆን «ሁሉ አለ» የሚለው ነገር አያስተማምንም። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ስሙ። የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ በ1981 አሜሪካን ሊዞር መጣ፤ ግማሹ ተመለሰ፣ ኃይሉ እዚህ ቀረ። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመዳል። አንድ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሄዶ ያቺን ካሴት ከአንድ ሱቅ አገኛት። አፈላልጎ ደወለለት፤ በ2013 እንደገና ታተመች፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ያ ሁሉ የሆነው ባሕር ዳር ላይ አንድ ባለ ሱቅ አሮጌ ካሴት ስላልጣለ ነው።

የሙላቱም እንደዚሁ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ አሮጌዎቹን ሸክላዎች እየሰበሰበ ከ1998 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ አወጣቸው። ጂም ጃርሙሽ የሚባለው፣ የኛው የኦሃዮ ልጅ፣ አክሮን አጠገብ የተወለደ የፊልም ሰው፣ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ አስገባውና ዓለም ተንጫጫ። ፈረንጅ ያገኘው ነገር እኛ ቤዝመንት ውስጥ ምስጥ እስኪበላው መጠበቅ የለበትም።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ፣ በራሴም ካርቶን ሞክሬ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካርቶኗን ከቤዝመንቱና ከጣሪያው ሥር አውጧት። የኦሃዮ ቤዝመንት እርጥበት አለው፣ ጣሪያ ሥር ደግሞ በበጋ ይነዳል፤ ሁለቱም የክር ጠላት ናቸው። ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ፣ ከስፒከር ራቅ አድርጋችሁ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሯቸው። ስፒከር ማግኔት አለው፣ ማግኔት ድምፅ ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ከማጫወታችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ፕላስቲኮች ካልተሰበሩ ስበሯቸው፤ ስኮች ከተለጠፈም አንሱት። ያኔ በስህተት ቀዩ ቁልፍ ቢነካ እንኳ አይጠፋም። ስኮች የተለጠፈበት ወይም ወረቀት የተጠቀጠቀበት ካሴት ካገኛችሁ ደግሞ ያቺን ለብቻ አስቀምጡ። ሰው ያለባት እሷ ልትሆን ትችላለች።

ሦስተኛ፣ ነጭ ሻጋታ ያለበትን ካሴት ቴፕ ውስጥ አትክተቱ። እሱም ይበላሻል፣ ቴፑንም ያበላሻል፣ ቀጥላችሁ የምታስገቡትንም ያበላሻል። እሱን ለባለሙያ ተዉት። ደህናውን ግን ከመስማታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ጠንጥኑት፤ ዓመት ሙሉ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል። ቢክ እስክሪብቶ አሁንም ይሠራል። የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት።

አራተኛ፣ ማጫወቻውን መጀመሪያ በማትሳሱለት ካሴት ሞክሩት። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ደህና ቴፕ ይገኛል፤ ግን ክር የሚበላም አለ። የካሴቱ ቀፎ ከተሰነጠቀ ክሩ ደህና ነው፤ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይከፈትና ወደ ሌላ ቀፎ ይዛወራል።

አምስተኛ፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። አቋራጭ የለውም፤ 60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ለዚህ ደግሞ ልጆቻችሁን ያዙ። እነሱ ሽቦውን ያውቃሉ፣ እናንተ ድምፁን ታውቃላችሁ። የተገለበጠውን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይሞታል። ዋናውን ካሴትም አትጣሉ።

ስድስተኛውና ዋናው፦ ሁለቱንም ፊት እስከ መጨረሻው ስሙ። ዘፈኑ ሲያልቅ አትዝጉት። ከዘፈኑ በኋላ ያለው ባዶ ሹሹታ ውስጥ ነው ሰው የሚገኘው።

ስትሰሙ ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ። አያት ካለች አያትን አስቀምጧት። ካሴቱ ላይ የሚያወራው ማን እንደሆነ፣ ከኋላ የሚያስለው ማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ካለፈች ድምፁ ቢተርፍም ስሙ ይጠፋል። የተናገረችውን ጻፉት፣ ወይም በስልካችሁ ቅረጿት። የዛሬው ስልክ ያኔ የነበረው ቀይ ቁልፍ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ድንጋይ አለመፈለጉ ብቻ ነው። እናንተም ላሟ ወለደች ዓይነት ወሬያችሁን ተናገሩበት። ትልቅ ነገር ፍለጋ አትጨነቁ፤ ልጅ የሚናፍቀው «ካፖርትህን ልበስ» የሚለውን ነው።

ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ካሴት ለምትሰጡኝ ግን እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ፤ እስከ መጨረሻው የተሰማና ባዶነቱ የተረጋገጠ ከሆነ። ቴፕ የሌላችሁም ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ኩሽና ያለችው አሮጌዋ አሁንም ትሠራለች። ቡናው በኔ።

ለሚቀጥለው ወር ጾሙ ሲፈታ ስለምንሠራው ዶሮና የአሜሪካ ዶሮ ለምን እንደ አገር ቤቱ እንደማይጠነክር እናወራለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።